ሃሮልድ ዋግስታፍ፦ ስለ ጥንቱ የራግቢ ሊግ ፕሮፌሽናል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃሮልድ ዋግስታፍ ማን ነበር?

ሃሮልድ ዋግስታፍ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽር ግዛት፣ ሆምፈርዝ በምትባል የሱፍ ፋብሪካዎች ከተማ አጠገብ ባለው በአንደርባንክ መንደር ሜይ 19 ቀን 1891 ተወለደ። ከ1906 እስከ 1925 ድረስ ለሀደርስፊልድ ክለብ የተጫወተ የመሀል ተጫዋች ሲሆን፣ ክለቡን ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ ጀምሮ በአምበልነት መርቷል፤ በ1914 እና በ1920 ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒውዚላንድ የተጓዙትን የብሪታንያ ብሔራዊ ቡድኖች የመራውም እርሱ ነው። ወዳጆቹ «ዋጊ» ይሉታል፤ ጋዜጦች ግን «የመሀል ተጫዋቾች ልዑል» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። የኖረው አርባ ስምንት ዓመት ብቻ ነው።

ራግቢ ሊግ ከሌላው ራግቢ በምን ይለያል? እንዴትስ ተጀመረ?

ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የዋግስታፍ ሕይወት ትርጉሙ ስለማይገባ፣ ትንሽ ረዘም አድርጎ መመለሱ ተገቢ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ የነበረው ራግቢ አንድ ብቻ ነበር፤ አስተዳዳሪዎቹም በአብዛኛው በታላላቅ የግል ትምህርት ቤቶች የተማሩ፣ ጨዋታን ለገንዘብ መጫወት ነውር ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። በሰሜን ግን ጨዋታው ወደ ድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች፣ ወደ ሸማኔዎችና ወደ ወደብ ሠራተኞች እጅ ገብቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ቅዳሜ እስከ ቀትር ድረስ ስለሚሠሩ፣ ቡድናቸው ወደ ሩቅ ከተማ በሄደ ቁጥር የግማሽ ቀን ወይም የሙሉ ቀን ደመወዛቸው ይቆረጥባቸዋል። ስለዚህ የሰሜን ክለቦች የጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፤ ተጫዋቹ በጨዋታው ምክንያት ላጣው የሥራ ሰዓት ካሳ ይከፈለው አሉ። በ1893 በለንደን በተደረገው ስብሰባ ይህ ሐሳብ በ282 ለ136 ድምፅ ወደቀ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ኦገስት 29 ቀን 1895፣ የሰሜን ክለቦች ተወካዮች በሀደርስፊልድ ከተማ በሚገኘው በጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከነባሩ ማኅበር ተለዩና «የሰሜን ኅብረት» የተባለውን አዲስ ማኅበር መሠረቱ። መጀመሪያ የፈቀዱት ክፍያ በቀን ከስድስት ሺሊንግ ያልበለጠ ካሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተመልካች ከፍሎ የሚገባበትን ጨዋታ ማራኪ የማድረግ ግዴታ ስለነበረባቸው ሕጉን ደረጃ በደረጃ ለወጡት፤ ኳስ ከመስመር ስትወጣ ተሰልፎ መሻማት በ1897 ተሻረ፣ በ1906 ደግሞ የተጫዋቾች ቁጥር ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ሦስት ወረደ፣ ተጠልፎ የወደቀ ተጫዋችም ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ እየለቀቀ ጨዋታው እንዲቀጥል ተደረገ። ማኅበሩ ዛሬ የምናውቀውን የራግቢ ሊግ ስም የያዘው በ1922 ነው፤ ክፍያን አንቀበልም ያለው ወገን ደግሞ ራግቢ ዩኒየን ተባለ።

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ቃል ልጨምር። «ትራይ» የሚባለው ነጥብ የሚገኘው ኳሱን በእጅ ይዞ በመሮጥ ከተቃራኒው የግብ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት ሲሆን፣ በዋግስታፍ ዘመን ሦስት ነጥብ ያስገኝ ነበር። ኳሱን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ማሳለፍ ደግሞ ሁለት ነጥብ ነበረው። ኳሱ በእጅ ወደ ፊት አይወረወርም፤ ቅብብሉ ሁሉ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ነው።

በአሥራ አምስት ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በሰፈሩ ክለብ በአንደርባንክ ሬንጀርስ ሲጫወት የሀደርስፊልድ ሰዎች አይተውት፣ አምስት የወርቅ ሶቨሪን ከፍለው አስፈረሙት። አንዱ ሶቨሪን አንድ ፓውንድ ማለት ስለሆነ፣ በፋብሪካ ለሚውል አዋቂ ሰው እንኳ ይህ የበርካታ ሳምንታት ደመወዝ ነበር፤ ለአንድ የመንደር ልጅ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ኖቬምበር 10 ቀን 1906 ከብራምሊ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ዕድሜው 15 ዓመት ከ175 ቀን ነበር። የአሥራ ሦስት ተጫዋቾች ሕግ ሥራ ላይ የዋለውም በዚያው የውድድር ዘመን ነው፤ ማለትም ልጁና አዲሱ ጨዋታ አንድ ላይ ወደ ሜዳ ገቡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ገጽታ አለ። በራግቢ ዩኒየን ደንብ መሠረት ከሰሜን ኅብረት ጋር የተጫወተ ሰው በዩኒየኑ ሜዳ ላይ ዕድሜ ልኩን አይሰለፍም። ስለዚህ ልጁ አምስቷን ወርቅ ሲቀበል፣ ሌላኛውን በር በገዛ እጁ ለዘለዓለም ዘጋ። ይህ ማዕቀብ የተላላው ለአጭር ጊዜ፣ በዓለም ጦርነት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወደዚያው እንመለሳለን።

«ፕሮፌሽናል» ሲባል ከዚህ ሥራ ሀብታም ሆነ ማለት ነው?

አይደለም። ቃሉ ዛሬ ለእኛ የሚያመጣውን ምስል፣ ማለትም የሚሊዮን ደመወዝ፣ የማስታወቂያ ውልና የቅንጦት መኪና የተሞላውን ኑሮ፣ ወደ ኋላ ወስዶ በ1906ቱ ሀደርስፊልድ ላይ መለጠፍ ትልቅ ስሕተት ነው። የሰሜን ኅብረት ሙሉ ክፍያን በ1898 ሲፈቅድ፣ ተጫዋቹ ሌላ ቋሚ ሥራ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር፤ ይህ ግዴታ የተነሣው በ1905 ነው፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከዚያ በኋላም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀትር በማዕድን ጉድጓድ፣ በፋብሪካ ወይም በጭነት ሥራ ላይ ይውሉ ነበር። ከጨዋታ የሚገኘው ገንዘብ መደጎሚያ እንጂ መኖሪያ አልነበረም።

ከዋግስታፍ ባልደረቦች መካከል አልበርት ሮዘንፌልድን ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሮዘንፌልድ የሲድኒ ልጅ ሲሆን በ1908 ከመጀመሪያው የአውስትራሊያ ቡድን ጋር ወደ እንግሊዝ መጥቶ በሀደርስፊልድ ቀረ፤ በ1913/14 የውድድር ዘመን 80 ትራይ አስቆጠረ፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ራግቢ ሊግ አልተሰበረም። ይኸው ሰው ጨዋታ ካቆመ በኋላ በዚያው ከተማ ማዘጋጃ ቤት የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ። በስንብቱ ቀን ደጋፊው የሚያለቅስለት ተጫዋች በማግሥቱ የደጋፊውን ደጅ ያጸዳል፤ እኔ የዚያን ዘመን ፕሮፌሽናልነት ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ምን ዓይነት ተጫዋች ነበር? ለምንስ ያን ያህል ተወደሰ?

ዋግስታፍ የተሰለፈበት ቦታ ከክንፍ ተጫዋቹ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ያለው የመሀል ቦታ ነው። የዚህ ቦታ ተጫዋች ዋና ሥራ በኳስ ሮጦ ተከላካይን ወደ ራሱ ከሳበ በኋላ፣ ክፍት ሜዳ ላገኘው የክንፍ ተጫዋች በትክክለኛው ቅጽበት ማቀበል ነው። ቅብብሉ በግማሽ ሰከንድ ከፈጠነ ተከላካዩ ገና ስላልተሳበ ክንፉን ይይዘዋል፤ በግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ደግሞ አቀባዩ ራሱ ኳስ እንደያዘ ይወድቃል። የዋግስታፍ ችሎታ በዚህች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ የተሰወረ ነበር ማለት ይቻላል።

በዘመኑ ብዙዎቹ ቡድኖች ሲጨንቃቸው ኳሱን በእግር ወደ ሩቅ መምታት ይቀናቸው ነበር። የሀደርስፊልድ ልጆች በእርሱ መሪነት ከዚህ ልማድ ራቁ፤ ኳስ የያዘ ቡድን ለምን ለተቃራኒው አሳልፎ ይሰጣል የሚል እምነት ነበራቸው። ከራሳቸው የግብ መስመር ላይ ሳይቀር በእጅ ቅብብል ተነሥተው ሜዳውን ያቋርጡ ነበር። «ሳይንሳዊ ማደናቀፍ» የሚባል ዘዴም ነበራቸው፤ ኳሱን ያቀበለው ተጫዋች ሩጫውን ሳያቋርጥ በሚሄድበት መንገድ ለተቀባዩ ከለላ ይሆናል፤ ተከላካዩ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶበት ይቀራል፤ ዳኛው ግን ጥፋት ብሎ የሚያፏጭበት ነገር አያገኝም። ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ማጭበርበር ነው ሲሉ፣ የሀደርስፊልድ ሜዳ የሆነው የፋርታውን ተመልካቾች ግን ጥበብ ነው ይሉ ነበር። እኔ ከፋርታውን ሰዎች ጋር ለመስማማት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ሕግን ሳይጥሱ እስከ ጠርዙ መድረስም ችሎታ ነው።

ከዚህ የተነሣ የዋግስታፍን ታላቅነት በራሱ ነጥቦች ለመመዘን የሚሞክር ሰው ይሳሳታል። አጠገቡ የሚሰለፈው የክንፍ ተጫዋች ስታንሊ ሙርሃውስ ነበር። በ1913 ለቻሌንጅ ዋንጫ ፍጻሜ ሀደርስፊልድ ዋሪንግተንን 9 ለ5 ሲረታ፣ ሦስቱንም ትራይ ያስቆጠረው ሙርሃውስ ነው። የግጥሚያው መዝገብ የሚነግረን የአስቆጣሪውን ስም ነው፤ ኳሱ ወደ እጁ እንዴት እንደ ደረሰ የሚጽፍ መዝገብ በዚያ ዘመን አልነበረም።

«የሁሉም ተሰጥኦ ቡድን» የሚባለው ምንድን ነው?

ከ1911 እስከ 1915 ድረስ የነበረው የሀደርስፊልድ ቡድን የተሰጠው ቅጽል ስም ነው። ክለቡ ከመንደር ልጆች ጋር ከሩቅ አገር የመጡትን አቀናጅቶ ነበር። ሮዘንፌልድ ከአውስትራሊያ፣ ኤድጋር ሪግሊ ከኒውዚላንድ፣ ቤን ግሮኖውና ጆኒ ሮጀርስ ከዌልስ፣ ዳግላስ ክላርክ ደግሞ ከከምበርላንድ ጠረፍ የመጡ ናቸው። ግሮኖው በ1910 በትዊከንሃም በተደረገው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ የራግቢ ዩኒየን ግጥሚያ ላይ የመክፈቻውን ኳስ የመታ ሰው ነው፤ ወደ ሰሜን ሲሄድ ያ ሜዳ ለእርሱም ተዘጋ። ክላርክ በበኩሉ የታወቀ የትግል ሻምፒዮን ነበር። ይህን ሁሉ ሰው፣ ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡትን ጨምሮ፣ የሚያዝዘው የሆምፈርዙ ወጣት ነበር።

በ1914/15 አራት ዋንጫ ማንሣት ለምን ትልቅ ነገር ሆነ?

በዚያ ዘመን ለአንድ የዮርክሽር ክለብ ክፍት የሆኑት ውድድሮች አራት ነበሩ፤ እነርሱም የአገር አቀፉ ሻምፒዮና፣ የቻሌንጅ ዋንጫ፣ የዮርክሽር ሊግና የዮርክሽር ዋንጫ ናቸው። አራቱንም በአንድ የውድድር ዘመን ጠራርጎ መውሰድ የቻሉት በታሪክ ሦስት ክለቦች ብቻ ሲሆኑ፣ በ1907/08 ሀንስሌት፣ በ1914/15 ሀደርስፊልድ፣ ከላንክሽር በኩል ደግሞ በ1927/28 ስዊንተን ናቸው።

የሀደርስፊልዱ ድል ግን በውጤቶቹ ስፋት ይለያል። የዮርክሽር ዋንጫን ሀልን 31 ለ0፣ ሻምፒዮናውን ሊድስን 35 ለ2፣ የቻሌንጅ ዋንጫን ደግሞ ሜይ 1 ቀን 1915 በኦልደም ሴንት ሄለንስን 37 ለ3 በመርታት ነው የወሰዱት። ሦስት ፍጻሜ ተጫውተው በድምሩ 103 ነጥብ ሲያስቆጥሩ የተቆጠረባቸው አምስት ብቻ ነው። ግሮኖው በዚያ ዓመት 140 ኳሶችን በቋሚዎቹ መካከል አሳልፏል።

በቻሌንጅ ዋንጫው ፍጻሜ ላይ ከሜዳው ውጪ የሆነ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የሴንት ሄለንስ ተጫዋቾች ክለባቸው የፍጻሜ ጉርሻ አልከፍልም በማለቱ ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንጫወትም ብለው ነበር፤ በአምበላቸው ልመና ገብተው ተጫወቱ እንጂ ልባቸው ከሜዳው ውጪ እንደ ነበር ውጤቱ ይመሰክራል። ማኅበሩ በሠራተኛ ካሳ ጥያቄ ከተወለደ ሃያ ዓመት ቢሞላውም ጥያቄው ገና አልተዘጋም ነበር።

በ1914 በሲድኒ ምን ሆነ?

የዋግስታፍ ስም በእንግሊዝም በአውስትራሊያም ሳይረሳ የቀረው ከሁሉ በላይ በዚህ አንድ ጨዋታ ምክንያት ነው።

ቀድሞ በ1911/12 አውስትራሊያውያን እንግሊዝ ድረስ መጥተው የሦስቱን ግጥሚያ ክብር ወስደው ስለ ነበር፣ የዋግስታፍ ቡድን የተላከው ለማስመለስ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ቅዳሜ ጁን 27 በሲድኒ ተደረገና እንግዶቹ 23 ለ5 አሸነፉ። ከአንድ ቀን ዕረፍት በኋላ ሰኞ ጁን 29 በተደረገው ሁለተኛው ግጥሚያ አውስትራሊያ 12 ለ7 ረታች። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል በነበረው እሑድ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ በሳራዬቮ፣ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ተገደለ፤ በሲድኒ የነበሩት ልጆች ግን ያ ጥይት የእነርሱንም ኑሮ እንደሚያናጋ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ውጤቱ አንድ ለአንድ ሲሆን፣ የአውስትራሊያ አስተዳዳሪዎች አስቀድሞ ለሜልበርን ታስቦ የነበረውን ሦስተኛውን ግጥሚያ ወደ ሲድኒ አምጥተው ለቅዳሜ ጁላይ 4 አደረጉት። ሕዝቡ ደምቆ ስለ ነበር የመግቢያውን ገቢ ማሰባቸው አይቀርም። በዚህም እንግዶቹ በስምንት ቀን ውስጥ ሦስት ታላላቅ ግጥሚያ እንዲጫወቱ ሆነ፤ ከጉዳተኞቻቸው ብዛት የተነሣ የተሟላ ቡድን ማሰለፍ እንኳ ያስቸግራቸው ነበር። ከቡድኑ መሪዎች አንዱ የሆነው የሀደርስፊልዱ ጆን ክሊፎርድ ተቃውሞውን ለአገሩ ማኅበር በቴሌግራም ቢያሳውቅም፣ የመጣው መልስ ተጫወቱ የሚል ነበር። ክሊፎርድ የተመረጡትን አሥራ ሦስት ሰዎች ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ሰው ግዴታውን እንዲወጣ እንደሚጠብቅ በጥቂት ቃል ነግሯቸው ወደ ሜዳ ላካቸው።

ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የክንፍ ተጫዋቹ ፍራንክ ዊሊያምስ እግሩ ተጎዳ። ቀጥሎ ዳግላስ ክላርክ አውራ ጣቱ ተሰበረ፤ አሥሮት ተመልሶ ገባ። በዚያ ዘመን ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ የወጣ ሰው ቦታው ባዶ ይቀራል። ያም ሆኖ ዊሊ ዴቪስ ትራይ አስቆጥሮ፣ አልፍ ዉድ ደግሞ በእግሩ ነጥብ እየጨመረ፣ እንግዶቹ 9 ለ0 እየመሩ ለዕረፍት ወጡ።

ከዕረፍት በኋላ ግን የባሰው መጣ። ክላርክ በዚህ ጊዜ የአንገት አጥንቱ ተጎድቶ፣ ታሽጎ ለመመለስ ቢሞክርም አልሆነለትምና እያለቀሰ ሜዳውን ለቀቀ። ቢሊ ሆል ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወጣ፤ የዊሊያምስም እግር አልሸከም ብሎት ነበር። ዋግስታፍ በአሥር ሰው ቀረ። ከፊቱ አሥራ ሦስት አውስትራሊያውያን፣ ዙሪያውን ከሠላሳ ሺህ በላይ የባለሜዳው ደጋፊዎች፣ ከጨዋታው ደግሞ ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀራል።

በአሥር ሰው ለሚጫወት ቡድን የሚጠበቀው ተጣብቆ መከላከል ነው፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከግብ መስመራቸው ላይ እየወደቁና እየተነሡ ጠልፈው ይጥሉ ነበር። ነገር ግን አንዲት ክፍተት ስትታይ ዋግስታፍ ኳስ ይዞ ሰንጥቆ ወጣና፣ በተጎዳው ዊሊያምስ ምትክ ወደ ክንፍ ለተዛወረው ለቺክ ጆንሰን አቀበለው። ጆንሰን ከፊት መስመር የመጣ ግዙፍ ሰው እንጂ ሯጭ አልነበረም። ኳሱን መሬት ላይ ጣለና እንደ እግር ኳስ ተጫዋች በእግሩ እየገፋ፣ እየተከተለ፣ ረጅሙን ሜዳ ጨርሶ ከመስመሩ ባሻገር ወደቀበት። የራግቢ ኳስ እንቁላል መሰል ስለሆነ በእግር ሲገፋ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም፤ በዚያ ቀን ግን እንደ ታዘዘች ሄደች። ዉድ አራተኛዋን ምት ጨመረና 14 ለ0 ሆነ። አውስትራሊያ ያስቆጠረቻቸው ሁለት ትራዮች የመጡት ወደ ማብቂያው ሲሆን፣ ግጥሚያው 14 ለ6 ተጠናቀቀ፤ ክብሩም ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

ስለ ዋግስታፍ ከሚነገረው ሁሉ እኔ የምመርጠው ያችን አንድ ቅብብል ነው። ሰው በጎደለበት፣ ትንፋሽ ባጠረበት ሰዓት ራሱ ሮጦ ለመጨረስ ማንኛውም አምበል ይፈተናል፤ እርሱ ግን እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ተከላካዩን ስቦ አቀበለ።

ጨዋታው ለምን «የሮርክስ ድሪፍት ግጥሚያ» ይባላል?

ሮርክስ ድሪፍት በደቡብ አፍሪካ የሚገኝ ቦታ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1879 ወደ አንድ መቶ ሃምሳ የሚጠጉ የእንግሊዝ ወታደሮች ከእነርሱ እጅግ የሚበልጡ የዙሉ ተዋጊዎችን ተከላክለው የቆዩበት ነው። ጥቂቶች ብዙዎችን መከቱ ለማለት የዘመኑ እንግሊዛውያን ይህን ምሳሌ ወሰዱ። የእንግሊዝ ጦር በዚያው ዕለት በኢሳንድልዋና ከባድ ሽንፈት እንደ ደረሰበትና ዙሉዎች የሚከላከሉት የገዛ አገራቸውን እንደ ነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ግን ስያሜው እምብዛም አይጥምም። የሆነ ሆኖ በስፖርቱ ታሪክ ውስጥ በዚሁ ስም ጸንቷል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የት ነበር?

የሲድኒው ግጥሚያ ከተደረገ ልክ አንድ ወር ሲሞላው ብሪታንያ ጦርነት አወጀች። የ1914/15 የውድድር ዘመን እንደ ምንም ተጠናቀቀ እንጂ ከዚያ በኋላ መደበኛው ውድድርና ክፍያው ተቋረጠ። ዋግስታፍ በስንቅና ትጥቅ አቅራቢው ክፍለ ጦር ገብቶ፣ ከግሮኖው፣ ከክላርክና ከሮዘንፌልድ ጋር ለንደን አጠገብ በግሮቭ ፓርክ ሠፈረ። በወታደር ቤት ውስጥ ሲሆን የሰሜን ኅብረት ሰዎች ራግቢ ዩኒየን እንዲጫወቱ ተፈቅዶ ስለ ነበር፣ ቀደም ሲል የተዘጋው በር በጦርነት ምክንያት ለጊዜው ተከፈተ። የሀደርስፊልድ ልጆች የተሰለፉበት የግሮቭ ፓርክ ቡድንም በባላባቶቹ ጨዋታ፣ በባላባቶቹ ሕግ፣ የሚችለው እምብዛም አልተገኘም። ሰላም ሲሆን በሩ ተመልሶ ተዘጋ፤ ራግቢ ዩኒየን ክፍያን የፈቀደው ከጆርጅ ሆቴሉ ስብሰባ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው።

ዋግስታፍ ቆይቶ ወደ ግብፅ ተላከና ከጦርነቱ በሰላም ተመለሰ። ሁሉም እንዲህ አልቀናቸውም። ከአራቱ ዋንጫዎች ቡድን ፍሬድ ሎንግስታፍ በጦር ሜዳ ወደቀ። ክላርክ በምዕራቡ ግንባር ቆስሎና በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ፣ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሞ ተመለሰ፤ የማይጠበቀውም ነገር ሆኖ፣ እንደገና ተጫወተ።

ከጦርነቱ በኋላ እንደ ቀድሞው መሆን ቻለ?

በአብዛኛው አዎን። በ1919/20 ሀደርስፊልድ የቻሌንጅ ዋንጫውን ከዊጋን 21 ለ10 ወሰደ፤ የዮርክሽርን ዋንጫና ሊግም ጨመረ። አራተኛው የሻምፒዮናው ፍጻሜ ነበር። ነገር ግን ዋግስታፍን፣ ክላርክን፣ ግሮኖውንና ሮጀርስን ጨምሮ አምስት ተጫዋቾች የብሪታንያን ቡድን ይዘው ወደ አውስትራሊያ መርከብ ላይ ስለ ነበሩ፣ የቀሩት ልጆች በሀል 3 ለ2 ተሸነፉ። አንዲት ነጥብ ናት። መርከቧ ጥቂት ዘግይታ ብትነሣ ኖሮ አራቱን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የወሰደ ብቸኛው ክለብ ሀደርስፊልድ ይሆን ነበር ብሎ የሚቆጭ የድሮ ደጋፊ ብዙ ነው፤ ቁጭቱም መሠረት አለው። ጉዞውም ቢሆን አልቀናቸውም፤ በዚያ ዓመት አውስትራሊያ 2 ለ1 አሸነፈች።

የጨዋታ ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ለሀደርስፊልድ 436 ጊዜ ተሰልፎ 175 ትራይ አስቆጥሯል። ለእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ጃንዋሪ 2 ቀን 1909 ከአውስትራሊያ ጋር ሲሆን፣ ዕድሜው 17 ዓመት ከ228 ቀን ነበር።

ጨዋታ ካቆመ በኋላ ምን ሠራ? እንዴትስ ሞተ?

በ1925 ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በአሠልጣኝነት ሠርቷል። መተዳደሪያው ግን በዋናነት መጠጥ ቤት ማስተዳደር ነበር፤ በመጀመሪያ በሃሊፋክስ፣ በኋላም በሀደርስፊልድ ከተማ። ይህ በዘመኑ ለስመ ጥር ተጫዋቾች የተለመደ መውጫ ነበር፤ ደጋፊው ቅዳሜ ማታ ቢራውን የሚጠጣው የድሮ አምበሉ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሲቀዳለት ከሆነ ደስታው እጥፍ ይሆናል፤ የቢራ ፋብሪካዎቹም ይህን አይስቱትም። ዋግስታፍ ጁላይ 19 ቀን 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በአርባ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ እንዴት ይታወሳል?

የብሪታንያ ራግቢ ሊግ የታላላቆች መዝገብ በ1988 ሲከፈት መጀመሪያ ከተመረጡት ዘጠኝ ተጫዋቾች አንዱ እርሱ ነው፤ የቀድሞ ባልደረባው ሮዘንፌልድም አብሮት አለ። በ1995 የማኅበሩ መቶኛ ዓመት ሲከበር የብሪታንያ ፖስታ ቤት አምስት ተጫዋቾችን መርጦ ቴምብር አሳተመ፤ የዋግስታፍ ምስል ያረፈው በ19 ፔንሷ ቴምብር ላይ ሲሆን፣ ከአምስቱ ዝቅተኛ ዋጋ የነበራትም እርሷው ናት። አንደርባንክ ሬንጀርስ ዛሬም በሆምፈርዝ ይጫወታል።